ከከሰል ጉድጓድ እስከ ጤና ሚኒስቴር፦ አናይሪን ቤቫን እና የሕክምና ክፍያ ጣጣ

አፍደም ላይ ሰው ታሞ ሪፈር ከተጻፈለት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ገንዘብ ነው። ፍየል ይሸጣል፣ ድሬዳዋ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ ሶማሊዎች ቃራን የሚሉት መዋጮ ይሰበሰባል። መኪና የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። በሽታው ደግሞ ይሄ ሁሉ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ይሄንን ነገር ለመቀየር ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሰው ነበር። ሀገሩ ሩቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን የኛም ነው። ስሙ አናይሪን ቤቫን፣ ጓደኞቹ ናይ ይሉታል። የብሪታንያን ነጻ ሕክምና ያቋቋመው የጤና ሚኒስትር እሱ ነው። የአፍደም የባቡር ሐዲድም ታሪኩ ውስጥ ሳይታሰብ ብቅ ይላል፣ እንደርስበታለን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ያልንባቸው ብቻ የኛ ናቸው።)

ቤቫን በኅዳር 1897 ትረዴጋር በምትባል የደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነው። እናቱ አሥር ልጅ ወልዳለች፣ ግን ሁሉም አላደጉላትም። ናይ ትምህርት ቤት አይወድም ነበር፤ በዚያ ላይ ይንተባተባል። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ እንደ አባቱ ጉድጓድ ወረደ። ማታ ማታ ግን ሠራተኞቹ ከደሞዛቸው አዋጥተው ያቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያነባል። አንደበቱ የሚያዝበት ቃል ሲመጣ በሌላ ቃል ለመተካት ሲል የቃላት ሀብታም ሆነ። ያ ተንተባታቢ ልጅ በኋላ በፓርላማው ከነበሩት ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ ነው የሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትረዴጋር ውስጥ የሠራተኞች የሕክምና መረዳጃ ማኅበር የሚባል ነበረ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደሞዝ ሦስት ፔኒ ይቆረጣል። በዚያ ዘመን ሂሳብ ከ80 ብር አንድ ብር እንደማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ማኅበሩ ሐኪም ይቀጥራል፣ መድኃኒት ያቀርባል፣ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ሳይከፍል ይታከማል። ቁርጥ እድር ማለት ነው፤ እድር ለቀብር ነው፣ ይሄ ግን ሰውየው ሳይሞት ይደርሳል። ጊዜው ሲገፋ አብዛኛው የከተማው ሕዝብ በማኅበሩ ታቀፈ። ቤቫንም በ1920ዎቹ የከተማዋን ሆስፒታል በሚያስተዳድረው ኮሚቴ ውስጥ ሠርቷል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚያልቅ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው።

በ1925 አባቱ ሞተ። ለዓመታት የከሰል አቧራ ሲተነፍስ ሳንባው አልቆ ነበር። ልጁ ክንድ ላይ ነው ያረፈው። ካሳ አልተከፈለም፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜው ሕግ በሽታውን ካሳ ከሚያስገኙት ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም ነበር። ሰውየው በሥራው ምክንያት ሞቷል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ለኔ የቤቫንን ቀሪ ሕይወት በደንብ የሚያስረዳው ይሄ ሞት ነው። መድህን ማለት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለህ የለህም።

በ1929 ፓርላማ ገባ። በዚያን ጊዜ ብሪታንያ የጤና መድህን አልነበራትም ማለት አይደለም። ሎይድ ጆርጅ በ1911 ያወጣው ሕግ ነበረ፦ ሠራተኛው ያዋጣል፣ አሠሪው ያዋጣል፣ መንግሥትም ይጨምራል። ግን የሚታከመው ሠራተኛው ብቻ ነው። ሚስቱና ልጆቹ የሉበትም። የሆስፒታል ወጪም በአብዛኛው አይሸፈንም። እናቶች ሕመማቸውን ችለው የሚቀመጡት ለዚህ ነበር፤ የቤቱ ብር ለሌላ ነገር ይፈለጋላ።

በ1945 ሌበር ፓርቲ ምርጫ አሸነፈና ክሌመንት አትሊ ቤቫንን የጤና ሚኒስትር አደረገው። 47 ዓመቱ ነው፣ ከካቢኔው ሁሉ ትንሹ። ሁለት ትላልቅ ውሳኔዎችን ወሰነ። አንደኛ፣ የማዘጋጃ ቤትም የበጎ አድራጎትም ሆስፒታሎችን በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ መንግሥት አዞራቸው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በዋናነት ከግብር እንዲመጣ አደረገ። መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ እየተባለ በር ላይ ካርድ የሚታይበት አሠራር አልፈለገም። የአባቱን ዝርዝር አስታውሱ።

ሐኪሞቹ አበዱ። ማኅበራቸው በ1948 መጀመሪያ ላይ ድምፅ ሲያሰጥ ከአሥሩ ሐኪም ዘጠኙ ገደማ ተቃወመ። የመንግሥት ደሞዝተኛ ሊያደርገን ነው አሉ። ቤቫን ግን ግትር ብቻ አልነበረም፣ ነጋዴም ነበር። የሆስፒታል ስፔሻሊስቶቹን ለብቻ ያዛቸው፦ የግል ታካሚያችሁን መያዝ ትችላላችሁ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥም ለከፋይ ታካሚ አልጋ ይኖራችኋል አላቸው። ለጠቅላላ ሐኪሞቹ ደግሞ በደሞዝ ፋንታ በተመዘገበላቸው ሰው ቁጥር ልክ እንደሚከፈላቸው አረጋገጠላቸው። ውድ ስምምነት ነበር። ዛሬም ድረስ ባይደራደር ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያለ ሐኪም ሆስፒታል ሕንፃ ብቻ ነው።

ሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ፣ በነሱ ጁላይ 5፣ 1948። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ሳይከፍል ይታከማል፣ መነጽርም ጥርስም ጭምር። ሕዝቡ ጎረፈ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 5 ሚሊዮን ገደማ መነጽር ተሰጠ። ለዓመታት ከገበያ በተገዛ የማይሆን መነጽር ሲያነቡ የነበሩ፣ ድድ ብቻ ቀርቷቸው ምግብ የሚያላምጡ ሽማግሌዎች መጡ። ወጪው ከተገመተው በላይ ወጣ፣ የፋይናንስ ሰዎች ደነገጡ። ሕዝቡ ነጻ ስለሆነ ያባክናል የሚል ወሬ ተነሳ። የቤቫን መልስ ይሄ የተጠራቀመ በሽታ ነው፣ ሲታከም ይቀንሳል የሚል ነበር። በከፊል ልክ ነበር፤ በከፊል ደግሞ ተሳስቷል፤ ሕክምና በተሻሻለ ቁጥር የሚታከመው ነገርም ይበዛልና።

እዚህ ጋ ነው ሐዲዱ የሚመጣው። የኮሪያ ጦርነት ፈንድቶ ብሪታንያ በሦስት ዓመት 4.7 ቢሊዮን ፓውንድ ለጦር መሣሪያ ለማውጣት ወሰነች። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ለዚህ ገንዘብ ሲፈላልግ ጤናውን አየ። ኤፕሪል 10 ቀን 1951 ባቀረበው በጀት ሰው ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ግማሹን ወጪ ከኪሱ ይክፈል አለ። በዚያው ሳምንት፣ በኛ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ለዚያው ጦርነት ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተንቀሳቀሰ። ያ መስመር ሚኤሶን አልፎ በአፍደም በኩል ነው ድሬዳዋ የሚገባው። አንዱ ጦርነት እዚህ ወታደር ጭኖ በሐዲዱ ያልፋል፣ እዚያ የሽማግሌ ጥርስ ያስከፍላል።

ቤቫን ሂሳቡን አስልቶታል። ከክፍያው የሚገኘው በመጀመሪያው ዓመት 13 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ የጤናው በጀት 400 ሚሊዮን ገደማ። ለዚህች ብር ብላችሁ መርሁን ታፈርሳላችሁ ወይ ነው ክርክሩ። ዛሬ ጥርስ ከተከፈለበት ነገ መድኃኒት ይቀጥላል ብሎ አስጠነቀቀ፣ አልሰሙትም። በዚያው ወር ከሥልጣኑ ለቀቀ። ሃሮልድ ዊልሰንና ጆን ፍሪማንም ተከትለውት ወጡ። ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ በተደረገው ምርጫም ተሸነፈ። ብዙዎች ጥፋቱን የሱ አደረጉት። ቁጡ ሰው ስለነበረ ስድቡም ጠላት አብዝቶበታል፣ ይሄ አይካድም። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ መንግሥት ለመድኃኒት ማዘዣም አንድ ሽልንግ ማስከፈል ጀመረ።

ከዚያ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። ወግ አጥባቂዎቹ የጤናው ወጪ ከቁጥጥር ውጪ ነው ብለው በ1953 አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው ክሎድ ጊልቦ የሚባል የካምብሪጅ ኢኮኖሚስት ነው። በ1956 ሪፖርቱ ሲወጣ የጠበቁት አልሆነም። የጤና አገልግሎቱ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት የሚወስደው ድርሻ በአራት ዓመት ውስጥ ከ3.75 በመቶ ወደ 3.25 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ይባስ ብሎ ሪፖርቱ ለሆስፒታል ግንባታ የወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው አለ። ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነበር እንግዴህ!

የኛን ነገር ከዚህ ጋር ስናስተያይ ልዩነቱም መነገር አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የተከተለው የቤቫንን የግብር መንገድ አይደለም፤ ወደ ትረዴጋር ማኅበር ነው የሚቀርበው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ ያዋጣሉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በካርዱ ይታከማል፣ መክፈል ለማይችሉ ደሃዎች መንግሥት ይከፍላል። የሎይድ ጆርጅ ሕግ የረሳቸው ሚስትና ልጅ እዚህ አሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አርብቶ አደር አካባቢዎች ግን ዘግይተው ነው የገቡት፤ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሰው በየትኛው ጤና ጣቢያ ይመዝገብ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ቤቫን ያወቃቸው ሁለት ችግሮች እዚህም አሉ። ከሰል ቆፋሪው ደሞዙ ሲከፈል ነው የሚቆረጥበት፣ ልክፈል አልክፈል ብሎ አያስብም። መዋጮው በፈቃድ ሲሆን ግን ጤነኛው ይቀራል፣ የታመመው ይመዘገባል፣ ፈንዱም ይደርቃል። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ካርድ ይዞ ሄዶ መድኃኒቱ የለም ከውጭ ግዛ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያድሳል? የመንግሥትና የግል ተቀጣሪዎች መድህን ደግሞ አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ከደሞዝ 3 በመቶ ሠራተኛው 3 በመቶ አሠሪው ይከፍላል ተብሎ፣ ዓመታት በወረቀት ላይ ነው ያለፈው። ደሞዙ መች በቃንና ያሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ግን ሪፈር በመጣ ቀን የሚወጣው ከ3 በመቶ ይበልጣል።

ቤቫን በ1959 የፓርቲው ምክትል መሪ ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ያው የድሮ ባላንጣው ጌትስኬል ነበር። ብዙም አልቆየ። በሆድ ካንሰር ታሞ ጁላይ 6፣ 1960 በ62 ዓመቱ ሞተ። ሥራ ያስጀመረው አገልግሎት 12 ዓመት በሞላው በማግስቱ ማለት ነው። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከትረዴጋር በላይ ባለው ተራራ ላይ ተበተነ።

የትውልድ ሀገሩ ዌልስ በ2007 የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያን ሙሉ በሙሉ አስቀረች። እንግሊዝ ውስጥ አሁንም ብዙ ሰው ይከፍላል። ሥልጣኑን የለቀቀበት የጥርስ ክፍያ ግን ዌልስ ውስጥም እስከ ዛሬ አለ።