ቴዳ ባራ፦ ፊልሞቿ በእሳት የጠፉባት ኮከብ

በድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን በአሜሪካ ስማቸው ከናኘ ተዋንያን አንዷ ቴዳ ባራ ናት። የፊልም ኩባንያዋ ለጋዜጦች ባሠራጨው ታሪክ የተወለደችው በግብፅ በረሃ፣ በስፊንክስ ጥላ ሥር ነው። የስሟ የእንግሊዝኛ ፊደላት ቢገለባበጡ «የዐረብ ሞት» የሚል ትርጉም እንደሚሰጡም ለአንባቢ ተነገረ። ብዙዎችም አመኑ።

በእውነቱ ግን ቴዎዶሲያ ጉድማን የምትባለው ይህች ሴት የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1885 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ነው። አባቷ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ፣ እናቷ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበሩ። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ በቴአትር ቤቶች ብትሠራም፣ ዕድሜዋ ወደ 30 እስኪጠጋ ድረስ የሚያውቃት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1915 ዊሊያም ፎክስ «አንድ ሞኝ ነበር» በተሰኘው ፊልም ዋናውን ሚና ሰጣት። ባለትዳሩን ዲፕሎማት ከሚስቱና ከልጁ ነጥላ ለውድቀት የምትዳርገውን ሴት ተጫወተች። ፊልሙ እርሷን በአንድ ጊዜ ዝነኛ፣ ገና ጀማሪ የነበረውን ኩባንያም ባለገንዘብ አደረገ። ከዚያ በኋላ ክፉዋ ሴት እንደ ጥላ ተከተለቻት። በዚያው ዓመት «ሁለቱ ወላጅ አልባዎች» በተባለው ሜሎድራማ ዓይነ ስውር እህቷን የምትንከባከበውን ደግ ልጅ፣ ሄንሪየትን፣ ሆና ቀርባ ነበር፤ ኩባንያው ግን ትርፉን ያየው በክፋቷ ነበርና ወደዚያው መለሳት። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ ተወለደችባት የተባለችውን አገር ንግሥት፣ ክሊዮፓትራን፣ ግብፅን ሳይረግጡ በካሊፎርኒያ ሠሩላት።

እ.ኤ.አ. በ1919 የአየርላንድ ገጠር ልጃገረድ የሆነችበት «ካትሊን ማቮርኒን» የአየርላንድ ተወላጆችን ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ከፎክስ ጋር ተለያየች። የፊልሙን አዘጋጅ ቻርልስ ብራቢንን እ.ኤ.አ. በ1921 አገባች፤ ትዳራቸውም እስከ ዕለተ ሞቷ ጸና። ከ1926 በኋላ በፊልም አልታየችም።

የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውኃ እንኳ የማያጠፋው፣ በሙቀትም ከራሱ የሚቀጣጠል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1937፣ በኃይለኛ የበጋ ሙቀት፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በሊትል ፌሪ የሚገኘው የፎክስ የፊልም ማከማቻ ነደደ። ከድምፅ አልባ ፊልሞቹ አብዛኞቹ በዚያ ጠፉ። ባራ ከሠራቻቸው 40 ያህል ፊልሞች ዛሬ በእጅ የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ክሊዮፓትራ» ከቁርጥራጭ ምስሎች በቀር የለም፤ «ሁለቱ ወላጅ አልባዎች»ም የጠፋ ነው። «አንድ ሞኝ ነበር» ግን ተርፏል። ስለዚህ የዛሬው ተመልካች ክፉዋን ሴት ያገኛታል፤ ሄንሪየትን አያገኛትም።

ቴዳ ባራ ከቃጠሎው በኋላ 18 ዓመት ያህል ኖራ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1955 በ69 ዓመቷ በሎስ አንጀለስ በካንሰር ሕመም አረፈች።