ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ
የሀብትን ምንጭ የመረመሩ ሊቅ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። እኚህም ሰው የሀገር ሀብትና ድህነት ከምን እንደሚመጣ አስቀድመው የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እኛ የቀወት ልጆች ስለ እሳቸው መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንባቢም በመጨረሻው ይረዳልናል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ስለ ወደቁ በሕፃንነታቸው የሙት ልጅ ሆኑ። በምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ከተማሩ በኋላ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ አሳደጓቸው፤ በበርሊንም ተማሩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ኋላም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ቡናና ቆዳ በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይወርድ፣ የፈረንጅ ጨርቅም ይገባ ነበር። ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

በዚያ መጽሐፍ እንዳስረዱት የሀብት ምንጩ ወርቅና ብር ሳይሆን ሥራና ዕውቀት ነው። በዘመኑ ብዙዎቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ንግድ ነጻ ከሆነ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል ይሉ ነበር። እሳቸው ግን ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ አመለከቱ። በ1929 እ.ኤ.አ. የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ በተነሣ ጊዜ የቡና ዋጋ ወድቆ ብራዚል ቡናዋን እስከ ማቃጠል ደረሰች። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሬቢሽና ሲንገር የተባሉ ሊቃውንት የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ ዋጋ አንጻር እየዘቀጠ እንደሚሄድ ጻፉ። የእኛ ነጋድራስ ወደዚህ የቀረበ ሐሳብ አስቀድመው ጽፈው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን ወደ ቀወት እንመለስ። ይፋት በጥንት ዘመን ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበረች፤ ዛሬም ማሾዋ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ነገር ግን ገበሬው ማሾውን በጥሬው ይሸጣል። ሽንኩርቱም በአንድ ሰሞን ሲደርስ ማቆያ ስለሚያንስ ሳይበሰብስ በተገኘው ዋጋ ይጣላል። ሸማ፣ ማዳበሪያና የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ሻጩ በወሰነው ዋጋ ይገዛል። ብዙ ማምረት ብቻውን እንደማያበለጽግ ከዚህ ይታያል። ማቆያ ቤት፣ ማበጠሪያና ማሸጊያ፣ ገበሬውን የሚያስተባብር ማኅበር ያስፈልጋል፤ የሮቢ ወንዝ ውሃና የተዳፋቱ አፈርም ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ መጠበቅ አለበት።

የሚደክም ክንድ በቀወት ሞልቷል። የጎደለውን ዕውቀት ቀስሞ ወደ አባቶቹ እርሻ መመለስ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።