ሴባስቶፖልና ቀለበቱ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከመጋጠሚያ ንድፍ አንጻር

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን ምስለ መድፍ ያገኛል፤ ዋናው መድፍ ያለው መቅደላ ላይ ነው። የመድፉ ታሪክ የባለቤቱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን፣ ብረትን ከብረት በሙቀት አጥብቆ የማጋጠምን ስልት ዋጋም ያሳያል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። መሳፍንቱን በየተራ ድል ካደረጉ በኋላ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የጦር መሣሪያ በአገር ውስጥ ለማሠራት በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን አሰባሰቡ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መድፍ ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ነው።

ያው ጦርነት እንግሊዛዊውን ዊልያም አርምስትሮንግን ወደ ሌላ መንገድ መራው። ሴባስቶፖል ቀልጦ የፈሰሰ ወጥ አካል ነው። በወጥ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ግፊት ሲፈጠር ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው በውስጠኛው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ውፍረት መጨመር የሚሰጠው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። አርምስትሮንግ ግን ከቱቦው በጥቂቱ የጠበበ ቀለበት አግሎ አጠለቀ፤ ቀለበቱ ሲበርድ ቱቦውን ጨምቆ ያዘ። ባሩዱ ሲፈነዳ ግፊቱ አስቀድሞ ይህን ጭመቃ ማሸነፍ ነበረበት።

ንጉሠ ነገሥቱ የጎደላቸውን ያውቁ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ቢደርሱም፣ አውሮፓውያኑ እስረኞች ስላልተፈቱ ወደ መሀል አገር ሳይገቡ ተመለሱ። ሴባስቶፖል መንገድ እየተጠረገለት ከ6 ወር ገደማ ጉዞ በኋላ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ጦርም የአርምስትሮንግ መድፎችን በዝሆን አስጭኖ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተደብድባ ስትያዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ዛሬ በዚሁ ስልት ጥርስ ያለው መዘውር ከዘንግ ጋር ይጋጠማል። ውስጣዊ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የንድፉ ቁም ነገር ቀለበቱ ከዘንጉ በምን ያህል እንደሚጠብ መወሰን ነው፦ ልዩነቱ ካነሰ መጋጠሚያው ይንሸራተታል፣ ከበዛ ቀለበቱ ይሰነጠቃል። በእሳት ታክሞ የጠነከረ ብረት ደግሞ ከልኩ በላይ ቢግል ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ ውስጠኛውን አካል ማቀዝቀዝ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያና በዚያ ልክ የሚቆርጥ የሌዝ ማሽን ይጠይቃል። ከምጽዋ የተመለሱት ባለሙያዎች ጉዳይ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።