አቡነ ያዕቆብ ከልጆቻቸው የተሰናበቱባት ዕለት

በሀዋሳ ከተማ የሰኔ ወር ተገባዶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዕድሜያቸው ለጡረታ የደረሰ መምህራን ሲሸኙ እናያለን። ለመናገር ይነሡና ቃሉ ከጉሮሯቸው አልወጣ ይላል፤ ያስተማሯቸው ልጆች አብረው ያለቅሳሉ። በገጠር ጸሎት ቤት ዘመኑን ሁሉ ያስተማረ ካቴኪስት ግን እንዲህ ያለ ሽኝት እምብዛም አይደርሰውም። ጉልበቱ ይደክማል፣ አንድ እሑድ ይቀራል፣ ሌላ ሰው ይተካል። ስለዚህ በዚህ እትማችን በኢትዮጵያ ምድር 21 ዓመት ያስተማሩትን የአባታችንን የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ስንብት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ሀገራችን አቡነ ያዕቆብ ብላ ታውቃቸዋለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቡነ ያዕቆብ ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌለ በምትባል መንደር ተወለዱ። በ1818 ወደ ላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በ1836 ኔፕልስን ኮሌራ በመታት ጊዜ በሽተኞችን ሲያገለግሉ ቆዩ። በ1839 ለኢትዮጵያ ተልእኮ ተሾመው ምጽዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ዓድዋ ወጡ።

በዓድዋ የተቀበላቸው ሕዝብ ለውጭ ሰው ልቡን ፈጥኖ የሚከፍት አልነበረም። እርሳቸውም አልቸኮሉም። የሀገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ የመነኮሳቱን ልብስ ለበሱ፣ የግዕዙን ሥርዓተ አምልኮ አከበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ የላኩትን መልእክተኛ ጉባኤ አጅበው ሄዱ፤ ከዚያም ከፊሎቹን እስከ ሮም አድርሰው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር አገናኟቸው። በዚያ መንገድ አብረው ከነበሩት አንዱ የጎጃሙ ሊቅ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1844 በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ። ሊቁ በዕድሜ ከመምህራቸው ይበልጡ ነበር፤ ደቀ መዝሙር መሆንን ግን አልናቁም። መምህሩም በበኩላቸው ከደቀ መዝሙራቸው ተማሩ፤ ለሕዝቡ ማስተማሪያ የሚሆን ትምህርተ ክርስቶስ ያዘጋጁት በእርሳቸው ረዳትነት ነው። እኛ እንደሚመስለን የአቡነ ያዕቆብ ትልቁ ችሎታ እዚህ ላይ ይታያል።

በአጋሜ ጓላ በምትባል ስፍራ ለሀገሩ ተወላጆች የክህነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ግን ዕረፍት አላገኘም። ስደት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቹ ይበተናሉ፤ እንደገና ይሰበሰባሉ፤ ደግሞ ይበተናሉ። የጵጵስናን ማዕርግ ለረጅም ጊዜ እንቢ ካሉ በኋላ በጥር 1849 በምጽዋ፣ በሌሊት፣ በድብቅ ከአቡነ ማስያስ እጅ ተቀበሉ። በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሙ። በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ሲንገላቱ ቆይተው በነሐሴ 1855 ዐረፉ። መምህሩ በዚያ ሰዓት ከልጃቸው አጠገብ አልነበሩም። ይህ ኀዘን በልባቸው ምን ያህል እንደከበደ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ዓመታት በአካለ ጉዛይና በምጽዋ አካባቢ አሳለፉ። በ1860 እንደገና ታስረው ተፈቱ፤ ጤናቸው ግን ተሰብሮ ነበር። በሐምሌ ወር፣ የቆላው ሙቀት በበረታበት ሰዓት፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው በምጽዋ አጠገብ ካለችው እምኩሉ ተነሥተው ወደ ደጋማው ሐላይ ጉዞ ጀመሩ። መነኮሳትና ተማሪዎች አብረዋቸው ነበሩ። ሐምሌ 31 ቀን በአሊገዴ ሸለቆ ውስጥ መቀጠል ስላልቻሉ እንዲያወርዷቸው ለመኑ።

አልጋ አልነበረም። መሬት ላይ ተጋደሙ፤ ራሳቸውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ኑዛዜያቸውን ፈጸሙ፣ ምሥጢረ ቀንዲልንም ተቀበሉ። ከዚያም ልጆቻቸውን በዙሪያቸው ሰበሰቡ። ሌላ መምህር በዚህ ሰዓት የደከመበትን ይቆጥር ይሆናል፤ አቡነ ያዕቆብ ግን አስቀድመው ይቅርታ ጠየቁ። በመጥፎ ምሳሌነት አሰናክያችሁ እንደሆነ ማሩኝ ማለታቸው ነበር። ቀጥሎም እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ፣ በእምነታቸው እንዲጸኑ፣ ከሐሜትም እንዲርቁ መከሯቸው። የሐሜትን ነገር በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ማንሣታቸው አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን በትንሽ ማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው፣ ስደት ያላፈረሰውን ቤት ሐሜት እንደሚያፈርሰው ያውቃል። ልጆቹ ያለቅሱ ነበር። ባረኳቸው፤ ፊታቸውንም በልብሳቸው ሸፍነው ጥቂት ቆይተው ዐረፉ።

በዚያን ቀን ቢቆጠር የተረፋቸው ነገር ጥቂት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ተበትኗል፣ ምእመናኑ በስደት ላይ ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ ግን ሥጋቸውን ተሸክመው ሄቦ ወደምትባል መንደር አደረሱና በዚያ ቀበሩ። ቤተ ክርስቲያን በ1939 ብፅዕናቸውን፣ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ቅድስናቸውን አወጁ። አባ ገብረ ሚካኤል ቀደም ብለው በ1926 ብፁዕ ተብለዋል፤ በዚህም ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ቀድመው ተገኙ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖትም የመምህራቸውን ሕይወት ጽፈው አቆዩልን።