በሌሊት ፊደል የቆጠረችው ሮኬያ

 

በእናት አባቶቻችን ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ስለ ህንዳውያን መምህራኑ ሳያወራችሁ አይቀርም። ከነዚያ መካከል ሳሪ የለበሱ ሴት አስተማሪዎችም ነበሩ። የህንድ ሴት ከሰሌዳ ፊት ለመቆም የበቃችው ግን በአንድ ጀምበር አይደለም። መንገዱን ከጠረጉት አንዷን፣ በጉም ሮኬያን ዛሬ ላስተዋውቃችሁ። ስሟ እኛ ሩቅያ የምንለው ነው።

ሮኬያ እ.ኤ.አ. በ1880 በቤንጋል፣ ፓይራባንድ በምትባል መንደር ተወለደች፤ ቦታው ዛሬ በባንግላዲሽ ውስጥ ይገኛል። አባቷ ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ባላባት ነበሩ። ወንዶች ልጆቻቸው ካልካታ ሄደው ተማሩ። ሴቶቹ ግን ከቤት ሳይወጡ ቁርኣን እንዲቀሩ፣ ጥቂት ኡርዱ እንዲያነቡ ብቻ ተፈቀደላቸው። ቤንጋሊና እንግሊዝኛ ለሴት አይገባም ተባለ። ታላቅ እህቷ ቤንጋሊ ስታነብ ተገኘችና ትምህርቷ ተቋርጦ በልጅነቷ ተዳረች።

ለሮኬያ የደረሰላት ታላቅ ወንድሟ ኢብራሂም ነው። ቤተሰቡ ሲተኛ በሻማ ብርሃን እንግሊዝኛ ያስተምራት ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ያገባት ሰኻዋት ሑሰይንም ጻፊ ብሎ አበረታታት፤ ለሴቶች ትምህርት ቤት ይሁን ብሎም 10,000 ሩፒ መደበ። በ1905 «የሱልጣና ሕልም» የተባለ ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳተመች። በዚያ ታሪክ ወንዶች እቤት ተዘግተው ሲቀመጡ፣ ሴቶች በዕውቀታቸው፣ የፀሐይን ሙቀት ሳይቀር ተጠቅመው አገር ይመራሉ። ዓይናችሁ የለመደውን ነገር ገልብጣ ስታሳያችሁ፣ የሴቶቹ መዘጋት ለምን እንዳልገረማችሁ ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ።

በ1909 ባሏ ሞተ። ሁለት ሴት ልጆቿን ቀድሞ በሕፃንነታቸው ቀብራለች። በወራት ውስጥ ባጋልፑር ላይ በ5 ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተች። በንብረት ጠብ ከዚያ ስትለቅ፣ በ1911 ካልካታ ላይ በ8 ተማሪዎች እንደገና ጀመረች።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች ልጆቻቸው በመንገድ እንዳይታዩ ስለፈለጉ የትምህርት ቤቱ መኪና ዙሪያውን ተዘጋ። ልጆቹ በሙቀትና በጨለማ ታፍነው ራሳቸውን ሳቱ። በመዝጊያው ፈንታ መጋረጃ ሲደረግ ደግሞ፣ ነፋስ ይገልጠዋል የሚል የቁጣ ደብዳቤ መጣላት። ሮኬያ ራሷ ትሸፈን ነበር፤ ስለ ሂጃብም ተከራክራ ጽፋለች። የተቃወመችው ሴትን ከአየር፣ ከሐኪምና ከፊደል የሚያግደውን ልማድ ነው። በ1931 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በባቡር ሐዲድ ላይ ወድቃ ባዕድ ወንድ አይንካት ተብሎ ሳትነሳ ስለተገደለች ሴት ተርካለች። ወገኖቼ፣ ዲናችን ነፍስን ማዳን እያዘዘ ይህ ከየት መጣ?

የእርሷ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ዒልም መፈለግ በወንዱም በሴቷም ላይ ግዴታ ከሆነ፣ ሴትን ከትምህርት የሚከለክል ሰው ዲኑን ጠበቅኩ ማለት አይችልም። ትርጉሙን ሳያውቁ ቁርኣንን በቃል ማነብነብ ብቻም አይበቃም ትል ነበር። በ1916 የሙስሊም ሴቶች ማኅበር አቋቁማ ድሆችንና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ረዳች። ታኅሣሥ 9 ቀን 1932 ስትሞት፣ ስለ ሴቶች መብት የጀመረችው ጽሑፍ ሳያልቅ ጠረጴዛዋ ላይ ቀረ። በአገራችን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ወንድሜ፣ ዛሬ ደብተሯን ይዛ ማራኪ ግቢ የምትገባውን እህታችንን ስታይ፣ ገጠር የቀረችውንም አስባት። ኢብራሂም ለእህቱ ያደረገውን አንተ ለእህትህ አድርገሃል? ዛሬ ማታ ቁርኣን ከቀራች በኋላ አጠገቧ ቁጭ በልና ምን እንደገባት ጠይቃት። ያልገባትን አብራችሁ ፈልጉ።

አላህ ለሮኬያ ይዘንላት። ለእኛም ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን።