ለመድማት ስም ያወጣው መምህር፦ ዮሃን ሉካስ ሾንላይን

ሕክምና የምንማር ሁሉ ሄሞፊሊያ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ስንሰማ ግር ብሎናል። በግሪክ ሄማ ደም ነው፤ ፊሊያ ፍቅር። ደሙ አልቆም ብሎ የሚሠቃይ ሕመምተኛ ደም ወዳድ የሚባለው በምን በኩል ነው?

ሾንላይን እ.ኤ.አ. በ1793 በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ከገመድ ሠሪ ቤት ተወለደ። በ1816 ቩርዝቡርግ ላይ ዶክተር ሆኖ እዚያው አስተማረ። በ1828 ተማሪው ፍሪድሪክ ሆፕፍ በዘር ስለሚወረደው መድማት የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ሄሞፊሊያ የሚለው ስም በርዕሱ ላይ ወጣ። ስሙን ያወጣው መምህሩ ነው ይባላል፤ መነሻውም ሄሞራፊሊያ የሚል ረዘም ያለ ቃል ነበር። ሄሞራጂ ደም ጥሶ መውጣት ማለት ስለሆነ፣ የታሰበው ትርጉም ለመድማት ማዘንበል ነው። ቃሉ ሲያጥር መሀሉ ተቆረጠ፤ ለእኛ ግራ መጋባቱ ተረፈን።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ የባቫሪያ መንግሥት በሊበራል አቋሙ ጠርጥሮ ከወንበሩ አነሣው። እሱም በ1833 ወደ ስዊትዘርላንድ ተሻግሮ በዚያው ዓመት በተከፈተው የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1837 የመገጣጠሚያ ሕመም ከቆዳ ሥር ደም ጋር አብሮ የሚታይበትን በሽታ ገለጸ። ይህ ነጠብጣብ በጣት ሲጫኑት አይጠፋም፤ ፑርፑራ የሚባለውም ሐምራዊ ቀለም ከሚወጣበት የባሕር ቀንድ አውጣ ስም ተነሥቶ ነው። በኋላ ተማሪው ኤድዋርድ ሄኖክ የሆድና የኩላሊት ምልክቶችን ስለጨመረበት በሽታው በሁለቱ ስም ተጠራ።

ሾንላይን ራሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የራስ ቆረቆር አምጪ ፈንገስ ማግኘቱን በ1839 ያሳወቀው አንድ ገጽ በምታህል ጽሑፍ ነበር። ትምህርቱ የታተመው ተማሪዎቹ ከያዙት ማስታወሻ ነው፤ እኛም በየክፍሉ እየተቀባበልን የምንገለብጠውን ደብተር አትናቁት!

በ1840 በርሊን ገብቶ በላቲን ፋንታ በጀርመንኛ አስተማረ። ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን የነካን ይህ ነው። ኤፒስታክሲስ ብለን ለፈተና ሸምድደናል፤ የአገራችን ሰው ግን ነስር ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። አገራችን ገብተን ከአልጋው አጠገብ ስንቆም የሚጠይቀን በነስር ነው። ሄሞፊሊያን ለአንዲት እናት በአማርኛ አስረዱ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን?

መንግሥት ያባረረው ይህ ሰው በርሊን ላይ የፕሩሲያ ንጉሥ ሐኪም ሆነ። በ1859 ጡረታ ወጥቶ ባምበርግ ገባ፤ በጥር 1864 እዚያው ሞተ። በ2012 የሊቃውንት ጉባኤ ያንን ፑርፑራ ኢሙኖግሎቡሊን ኤ ቫስኩላይቲስ ብሎ ሰይሞታል፤ በየሕሙማን ክፍሉ ግን ዛሬም በሾንላይንና በሄኖክ ስም የሚጠሩት አሉ።