ብሩሽዋን በመርፌና በክር የለወጠች ሠዓሊ
የካሪን ላርሶን የሕይወት ታሪክ

በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም በስካንዲናቪያ አገሮች የሚሠራው የሕፃናት ልብስና የቤት ዕቃ ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ልብሱ ሰፋ ያለ፣ ለሩጫና ለጨዋታ የሚመች፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ጌጡ ግን ጥቂት ነው። ወንበሩና አልጋውም በልጅ ቁመት ተለክተው የሚሠሩ ናቸው። ይህ ዐይነት አሠራር በአንድ ቀን የመጣ፣ በአንድ ሰውም ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ቢሆንም መነሻውን ወደ ኋላ እየተከተለ የሚሄድ ሰው በስዊድን አገር ሱንድቦርን በምትባል መንደር ካለች አንዲት የእንጨት ቤት ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ቤቲቱን ዓለም የሚያውቃት ካርል ላርሶን በተባለው ታላቅ ሠዓሊ ስም ነው። በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩትን ልብሶች፣ መጋረጃዎችና ምንጣፎች አስባ የሠራቻቸው ግን ሚስቱ ካሪን ነበረች። ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው የእርስዋን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካሪን ቤርጎ ኦክቶበር 3 ቀን 1859 በኦሬብሮ ከተማ ተወለደች። አባትዋ አዶልፍ ቤርጎ ነጋዴ ሲሆን፣ የባቡር መንገዶች በሚገናኙባት በሃልስቤርግ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሀብት ያፈራ ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን የደኅና ቤተ ሰብ ሴት ልጅ ጥቂት ፈረንሳይኛና ጥቂት ፒያኖ ከተማረች በኋላ ባል ትጠብቅ ነበር እንጂ ሙያ ይዛ እንድትወጣ የሚያስብላት አልነበረም። የካሪን ወላጆች ግን የልጃቸውን ስጦታ ባዩ ጊዜ አልከለከሏትም። በስቶክሆልም በእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ በ1877 ወደ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባች። አካዳሚው ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1864 ስለ ነበረ በሩ ከተከፈተ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበረ። እርስዋም እስከ 1882 ድረስ አምስት ዓመት ሥዕል ተማረች።

ትምህርትዋን እንደ ጨረሰች እንደ ብዙዎቹ የስዊድን ሠዓሊዎች ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደች። ከፓሪስ በስተ ደቡብ ግሬ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር የሰሜን አገር ሠዓሊዎች ተሰብስበው፣ ሸራቸውን ከቤት አውጥተው በሜዳ ላይ በፀሐይ ብርሃን ይሥሉ ነበር። ከካርል ላርሶን ጋር የተዋደዱትም በዚያ ነው። ካርል በ1853 በስቶክሆልም ከድሀ ቤተ ሰብ የተወለደ ነበረ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችው፣ ልጅነቱን በረኀብና በጠባብ ክፍል ያሳለፈ፣ በአስተማሪው ግፊት ገና በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ወደ አካዳሚው መሰናዶ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነው። የሞላለት የነጋዴ ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ በ1883 በስቶክሆልም ተጋቡ። በ1884 ሱዛን የተባለችው የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች።

ከዚህ በኋላ ካሪን የሥዕል ብሩሽዋን አስቀመጠች። ለባልና ለሚስት እኩል ትምህርት የሰጠው አካዳሚ አንድ ቢሆንም፣ የዘመኑ ልማድ ግን ባልን ወደ ሥዕሉ፣ ሚስትን ወደ ማጀቱ የሚልክ ነበረ። አምስት ዓመት የደከመችበት ሙያ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስምዋን ዛሬ የሚያነሣ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ካሪን የተወችው ብሩሹን እንጂ ዐይንዋን አልነበረም።

በ1888 አባትዋ በዳላርና አውራጃ፣ ከፋሉን ከተማ አቅራቢያ የምትገኘውን የሱንድቦርንን ቤት ሰጣቸው። ቤቲቱ ትንሿ ሂትኔስ ትባላለች። በወንዝ ዳር የቆመች፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የማትበቃ የእንጨት ጎጆ ነበረች። መጀመሪያ ለበጋ ማሳለፊያ ብቻ ይመጡባት ነበር። ልጅ በተወለደ ቍጥር አንድ ክፍል እየጨመሩ፣ ግድግዳ እያፈረሱ አሰፏት፤ በ1901 ጠቅልለው ገቡባት። ከ1884 እስከ 1900 ካሪን ስምንት ልጆች ወልዳለች።

ይህን የሥራዋን ዋጋ ለመረዳት የዚያን ዘመን አለባበስ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የባለጸጋ ቤት ልጅ የሚለብሰው የአዋቂ ልብስ አሳንሶ የተሰፋ ነበረ። አንገቱ በስታርች የደረቀ፣ ወገቡ የተጣበቀ፣ ቍልፉ የበዛ በመሆኑ ልጁ ጎንበስ ለማለት ወይም ዛፍ ላይ ለመውጣት አይችልም። ሴቶችም ኮርሴት በተባለው ጥብቅ የውስጥ ልብስ ወገባቸውን እያሰሩ፣ መተንፈስ እስኪያቅታቸው ድረስ ይጨነቁ ነበር። ሐኪሞች ነገሩን እየተቃወሙት ሄደው በ1886 በስዊድን የአለባበስ ማሻሻያ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በስብሰባና በጽሑፍ የተከራከረበትን ጉዳይ ካሪን በሱንድቦርን በመቀስና በመርፌ ሠራችው።

ልብሱን ከትከሻ እንዲንጠለጠል አድርጋ ሰፋ አድርጋ ቈረጠችው። ስለዚህ የጨርቁ ክብደት በወገብ ላይ መዋሉ ቀረ፤ ክንድም እንደ ልብ መንቀሳቀስ ቻለ። ለራስዋም ቢሆን ፅንስ በያዘች ጊዜ የሚመች፣ ወገብ የማያስር ሰፊ ቀሚስ ትለብስ ነበር። ከቀሚሱ በላይ ደረትንና ጉልበትን የሚሸፍን ሽርጥ አዘጋጀች። ሽርጡ ጭቃ ወይም ወጥ ቢነካው ወልቆ ይታጠባል፤ ከሥሩ ያለው ልብስ ይድናል። ብዙ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤቱ የሚሠሩት የመንደሩ ሴቶችም ይህንኑ ሽርጥ ስለ ለበሱት በአገሩ ቋንቋ የካሪን ሽርጥ የሚል ስም ወጣለት። ከንድፍ ሥራዎችዋ ሁሉ በስምዋ የተጠራው ይህ የሥራ ልብስ መሆኑ ለእርስዋ ትልቅ ክብር ይመስለናል።

ከልብስ ቀጥላ ወደ ሽመናው ገባች። የዳላርናን የገጠር ሸማኔዎች ጥበብ እያየች፣ በዚያን ጊዜ ወደ አውሮፓ ይገባ የነበረውን የጃፓን ሥዕልና የእንግሊዞችን የእጅ ጥበብ ንቅናቄ በመጽሔት እየተከታተለች፣ ሁሉንም በራስዋ መንገድ አዋሐደችው። በድርና በማግዋ የምታወጣው ጥለት አንዳንድ ጊዜ አበባና ቅጠል፣ አንዳንድ ጊዜም ምንነቱ በስም የማይጠራ ቅርጽና ቀለም ብቻ ነበረ። ይህ የኋለኛው ዐይነት አሠራር በሠዓሊዎች ዘንድ ገና ባልተለመደበት ጊዜ እርስዋ በትራስ ልብስና በመጋረጃ ላይ ትሠራው ነበር። በመኝታ ክፍሎቹ መካከል ባለው በር ላይ የሰቀለችው መጋረጃ የፍቅር ጽጌረዳ ይባላል፤ ከሥራዎችዋ ሁሉ እጅግ የታወቀው ይህ ነው።

የቤቱንም ዕቃ እንደዚሁ አደረገች። ከባዱን መጋረጃ ከመስኮቱ ላይ አንሥታ በምትኩ የአበባ ማሰሮ ደረደረች፤ ብርሃንም ገባ። የምግብ ቤቱ እንጨት ቀይና አረንጓዴ ተቀባ። ከጥንት የተረፉት ወንበሮች አልተጣሉም፤ እየተጠገኑና እየተቀቡ አዲስ ሆኑ። ልጆች ወደ እንግዳ መቀበያ ክፍል እንዳይገቡ በሚከለከሉበት ዘመን፣ በትንሿ ሂትኔስ ልጅ የማይገባበትና የማይጫወትበት ክፍል አልነበረም ለማለት ይቻላል። አዲስ ዕቃ ሲያስፈልግም ካሪን ንድፉን አውጥታ ለመንደሩ አናጢ ትሰጠዋለች። አንድ ጊዜ ያዘዘችው ተወዛዋዥ ወንበር ጌጥ የሌለውና ቅርጹ ያልተለመደ ስለ ነበረ፣ አናጢው ሰው እንዳያይበት አፍሮ ከመሸ በኋላ ተሸክሞ አመጣላት ይባላል። ያ ያሳፈረው ወንበር ዛሬ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያየው ሆኗል።

ዓለም ይህን ሁሉ ያወቀው በካርል ብሩሽ ነው። አንድ የዝናም በጋ ካርል ሥራ ፈትቶ በተከዘ ጊዜ፣ የቤቱን ክፍሎች እየተዘዋወረ እንዲሥል የመከረችው ካሪን እንደ ነበረች ይነገራል። ምክርዋን ሰምቶ በውኃ ቀለም ሣላቸው። በ1896 በሣለው ሥዕል ላይ ቤተ ሰቡ በትልቁ የበርች ዛፍ ሥር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ቁርስ ሲበላ ይታያል፤ ውሻቸው ሳይቀር አለበት። ሥዕሎቹ በ1899 አንድ ቤት በሚል ርእስ በመጽሐፍ ወጡ። በ1909 በጀርመን አገር የታተመው፣ ፀሐይ የሚሞቀው ቤት የተባለው መጽሐፍ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ 40,000 ቅጂ ተሸጠ። በብዙ አገር ያሉ እናቶች መጽሐፉን እየገለጡ የልጆቻቸውን ክፍልና ልብስ እንደዚያ ለማድረግ ተመኙ። ስዊድናዊቷ ጸሐፊ ኤለን ኬይ የሕፃኑ ምእተ ዓመት የተባለውን መጽሐፍዋን ያወጣችው በ1900 ነውና፣ የልጅን ኑሮ ማሻሻል በአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ የሆነበት ጊዜ ነበረ። ላርሶኖች ሌላው በቃል የተናገረውን በዐይን አሳዩ።

በሥዕሉ ግርጌ ያለው ፊርማ ግን የካርል ብቻ ነበረ። ይህን ስንል ባልዋን ለመንቀፍ አይደለም። ካርል የሚስቱን ዐይን እጅግ ያከብር ነበር፤ ሥዕሉንም ለእርስዋ አሳይቶ ፍርድዋን ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕል የሠራ ሰው ጥበበኛ ሲባል፣ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ቀሚስ የሰፋች ሴት ደግ እናት ብቻ ተባለች። የቤት ውስጥ ሥራ ምንም ያህል ዕውቀት ቢፈስስበት እንደ ሥራ ያለመቈጠሩ ነገር በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ልማድ አይደለም።

ሥዕሎቹ የሚያሳዩት የደስታ ቤት ኀዘን ያልገባበት አልነበረም። ማትስ የተባለው ልጃቸው በተወለደ በሁለት ወሩ ሞተ። በ1905 ደግሞ ታላቁ ወንድ ልጃቸው ኡልፍ ሀያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በትርፍ አንጀት በሽታ ዐረፈ። ካርል ከልጅነቱ ይዞት የመጣው የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት፤ እየዋለ እያደረም ጠናበት። በ1915 የፈጸመው ታላቅ ሥዕል ለስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ታስቦ የተሠራ ሲሆን ተቀባይነት በማጣቱ ልቡ ተሰበረ። ባል በከፋው ቀን ቤቱን ያቆመችው፣ ልጆቹን ያለበሰችው፣ ምርትና ምግብ የተቈጣጠረችው ካሪን ነበረች። ሽመናዋንም ከዚሁ ሁሉ መካከል ጊዜ እየሰረቀች ትሠራ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ካርል ላርሶን በጃንዋሪ 1919 ሞተ። ካሪን ከእርሱ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራ በፌብርዋሪ 1928 በ68 ዓመትዋ ዐረፈች፤ የተቀበረችውም በሱንድቦርን ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘሮችዋ ቤቱን ሳይሸጡና ሳይካፈሉ በጋራ ጠብቀው ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ጎብኚ ሲገባ የሚያየው ሥዕሎችን ብቻ አይደለም፤ የሸመነችውን፣ የጠለፈችውንና ያዘዘችውን በየነበረበት ቦታ ያገኛል።

ስምዋ በሚገባው ስፍራ እስኪጻፍ ግን ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1997 በለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ፣ የስዊድንን የቤት አሠራር ስልት የፈጠሩ ብሎ ካርልንና ካሪንን በአንድነት በርእሱ ላይ አሰፈራቸው። ከሞተችም 69 ዓመት ሆኗት ነበር።

ካሪን ሥዕልዋን ባትተው ኖሮ ምን ዐይነት ሠዓሊ ትሆን እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም። ያ የጠፋ ነገር እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ማካካሻ አግኝቶለታል ብሎ ማለፍም ተገቢ አይደለም። የቀረልን ግን አንድ ቁም ነገር ነው። በአካዳሚ የተማረችውን የቀለምና የቅርጽ ዕውቀት፣ ልጅ በየቀኑ በሚለብሰው፣ በሚቀመጥበትና በሚቆሽሽበት ነገር ላይ ማዋልን ዝቅ ማለት ነው ብላ አልናቀችውም። ከእርስዋ በፊት ልጅ ከልብሱ ጋር ይስተካከል ነበር፤ እርስዋ ልብሱን ከልጁ ጋር አስተካከለችው። ዛሬ በየትም አገር አንድ ሕፃን ሰፊ ሽርጥ ለብሶ፣ እጁን ቀለም ነክሮ፣ ማንም ሳይቈጣው ሲጫወት ቢታይ፣ ለዚያ ነጻነት ከደከሙት ሰዎች አንዷ የሱንድቦርኗ ካሪን መሆንዋን ማስታወስ ይገባል።